መርቆ መመለስ

በዚህ አገር መራቂ የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ሊፍቱ የማይሠራ ሕንፃ ይኖራል፣ ውሃ የማይመጣበት ሽንት ቤት ይኖራል፣ ለሠራተኛው የማይበቃ ወንበር ይኖራል፤ መራቂ ግን አይጠፋም። በመዋቅር ላይ ቦታው አይታይም። ማስታወቂያ ወጥቶበት፣ ፈተና ተፈትኖ አይቀጠርም። አንድ ቀን ደመወዝ እንዲጨመርላችሁ ልትጠይቁ የአንድ ትልቅ ሰው ቢሮ ትገባላችሁ። ስትወጡ እጃችሁ ላይ ምንም የለም፤ ፊታችሁ ላይ ግን ፈገግታ አለ፤ አፋችሁም ገና አሁን «አሜን» ብሎ መዘጋቱ ነው። ያን ጊዜ የቤቱን መራቂ አገኛችሁት ማለት ነው።

ዲንቄ በዳዳ የራሷን መራቂ ያገኘችው መሪ ሰፈር፣ ከአንድ የሶፋ መሸጫ በላይ ባለ ፎቅ ላይ ነው። ድርጅቱ «እንተዋወቅ» ይባላል። ባለሙያ ሁሉ ስሙንና ሙያውን፣ የሠራባቸውንም ቦታዎች በኢንተርኔት ገጹ ላይ አስፍሮ ከቀጣሪና ከሙያ ባልደረባው ጋር የሚገናኝበት ድርጅት ነው። በሩ ላይ «በዘመድ ሳይሆን በሙያ» የሚል መፈክር ተለጥፏል። መፈክሩን ያወጣው ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ ማቲዎስ ነው። ያተመው ደግሞ የማቲዎስ አጎት ነው።

መራቂያችን ክቡር አቶ ዘመንፈስቅዱስ፣ የሰው ኃይል ኃላፊ ናቸው። ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። የእንጦጦ ሰው ናቸው፤ አባትም አያትም እንጦጦ ማርያምን ያገለገሉ ካህናት ነበሩ። እሳቸው ክህነቱን ትተው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ፐርሶኔል ሆነው አርጅተው ጡረታ ወጡ፤ ምርቃቱን ግን አልተዉትም። ከዚያ ሁሉ ዳገት ወርደው፣ ታክሲ ለዋውጠው፣ ከማንም በፊት ቢሮ ይገባሉ። ፎቁ ላይ ካሉት ወጣቶች እሳቸውን ቀድሞ የገባ አልተገኘም፤ የሞከረም ያለ አይመስለኝም።

ጥበባቸው እንዲህ ነው። ሠራተኛው ገብቶ ችግሩን ይናገራል። ጋሼ አያቋርጡም፤ ዓይናቸውን ከደን አድርገው ይሰማሉ፣ በየመሀሉ «ውይ ልጄ!» ይላሉ። ሲጨርስ ይነሳሉ። እሳቸው ሲነሱ እሱም ይነሳል፤ ትልቅ ሰው ቆሞ መቀመጥ የት ተለምዶ! መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፤ እሱም ይዘረጋል። በቃ፣ ነገሩ አለቀ። ዙሌካ የትራንስፖርት አበል ብትጠይቅ «እግርሽን እንቅፋት አይምታው» አሏት። «አሚን» ብላ ወጥታ ደረጃውን ግማሽ እስክትወርድ ድረስ አበሉ እንዳልተሰጣት አልታወቃትም። የጤና መድን የጠየቀ «ጤናውን ከነዕድሜው ያድልህ» ተብሎ ተመለሰ። ፊራኦል የሚባለው ፕሮግራመር ወንበሩ ተሰብሮ ወገቡን ቢያመው «ወገብህን ያጽናው» ተብሎ እዚያው ስባሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ብሮ፣ ሲሪየስሊ ይሠራል» አለ ለጓደኞቹ። «ለተወሰነ ደቂቃ ወገብ እንዳለኝ ረስቼ ነበር።»

ትርፍ ሰዓት የሠራ ሰው «እደግ ተመንደግ» ይባላል። እደግ ተመንደግ እንግዲህ ውሃ ላቀበለ፣ ለትልቅ ሰው ወንበር ለለቀቀ ልጅ የሚባል ነገር ነው። በእንተዋወቅ ግን ጢሙ የሸበተ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሚስት ያለው፣ ልጆች ያሉት፣ ቅዳሜውን ሙሉ ውሎ እደግ ተመንደግ ይባላል። ያመሰግናልም።

የምርቃት ክፋቱ መልሱ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ለስድብ መልስ አለው፤ ለእምቢታ ይግባኝ አለው፤ ለምርቃት ግን አሜን ብቻ ነው። ከአሜን በኋላ ደግሞ ክርክር የለም። አሜን ብሎ ሲያበቃ «ግን እኮ ጋሼ…» የሚል ሰው ቢገኝ የሚጠየቀው እሱ አይደለም፤ ያሳደጉት ናቸው።

ደግሞ ሰውየው እንጀራቸውን በነፃ አልበሉም። ድርጅቱ ድሮ ከሶፋ መሸጫው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። ያኔ አባላት ሥራ ሲያገኙ ገጹ በራሱ የሚልክላቸው መልእክት «በአዲሱ ቦታዎ ላይ እንኳን ደስታ» የሚል፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አማርኛ ነበር። ጋሼ አንድ ቀን አዩትና ደማቸው ፈላ።

«ይሄ ምንድነው? ሰው እንጀራ ወጣለት ሲባል እንዲህ ይባላል?»

መነጽራቸውን ጠርገው ተቀመጡና ጻፉ። ለተቀጠረ፣ ለተሾመ፣ ትምህርቱን ለጨረሰ፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻው ጻፉለት። ዲንቄ ወደ አፋን ኦሮሞ መለሰችው። ሕዝቡ መልእክቱ ሲደርሰው ፎቶ እያነሳ ለእናቱ ላከ፣ በቴሌግራም አዞረ፣ «እኔም ልመረቅ» እያለ ይመዘገብ ጀመር። ድርጅቱ በአንድ ዓመት ፎቁን ሙሉ ተከራየ። ማቲዎስ ለውጭ ባለሀብቶች እያስጎበኘ ይህንን «ኦርጋኒክ ግሮውዝ» ይለው ነበር፤ ጋሼ በአጠገቡ ሲያልፉም ትከሻቸውን መታ መታ ያደርጋቸዋል።

አንዱን መልእክት ብቻ ጋሼ ቶሎ አልጻፉትም። ሰው ከሥራ ወጥቶ ገጹን «ሥራ ፈላጊ» ብሎ ሲቀይር የሚላከውን። ዲንቄ በየቀኑ «እሱስ ጋሼ?» ትላቸዋለች።

«ቆይ፤ ይሄኛው ቀልድ አይደለም» ይሏታል።

ሲያመጡላት አጭር ነበረች። አነበበቻት፤ ተረጎመቻት፤ ከዚያ ረሳቻት።

የዲንቄ ሥራ አባላትን ማጣራት ነው። «መሐንዲስ ነኝ» ያለው መሐንዲስ መሆኑን፣ «ዶክተር» ያለው የምን ዶክተር እንደሆነ ደዋውላ ትጠይቃለች፤ በሁለት ቋንቋ ትከራከራለች፣ በሁለት ቋንቋ ትሰደባለች። የክፍሉ ኃላፊ በለቀቀ ቁጥር ክፍሉን የምትይዘው እሷ ናት። አዲስ ኃላፊ ሲመጣ ሥራውን ታስተምረዋለች። እሱ ተምሮ ሲያበቃ በዚያው በእንተዋወቅ ላይ የተሻለ ሥራ ያገኝና ይሄዳል፤ እሷ ደግሞ ትይዛለች። የእሷ ገጽ ላይ «ተጠባባቂ ኃላፊ» የሚለው ቃል ከመቆየቱ የተነሳ አባላት የሙያዋ ስም ይመስላቸዋል። ጋሼ ዘንድ በገባች ቁጥር «ያንቺ ቀን ሩቅ አይደለም፤ ትዕግሥትሽን በወርቅ ይካስሽ» ትባላለች። አሜን ብላ ትወጣለች።

ዘንድሮ የኃላፊው ወንበር እንደገና ባዶ ሆነ። ዲንቄ በዚህኛው ቆረጠች፤ አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም። ማታ ነገሩን ለአባቷ አጫወተቻቸው። አቶ በዳዳ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየሙ ጥግ ላይ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ሕንፃዎቹ የቆሙበትን ያርሱት ነበር፤ አሁን ሕንፃዎቹ ውስጥ ለሚኖሩት ሳሙና ይሸጣሉ።

«ይመርቁሻል?» አሏት።

«ይመርቁኛል።»

«አሜን ትያለሽ?»

«ምን ልበል ታዲያ?»

አቶ በዳዳ የያዙትን ሳሙና መደርደሪያው ላይ መለሱት። «እኔ መሬቴን እንዴት እንዳስረከብኩ ነግሬሽ አላውቅም። ስብሰባ ተጠራን። ጎረቤቴ ጥያቄ አለኝ ብሎ እጁን ሲያወጣ አንድ ሽማግሌ ተነሱና መረቁ። ልጆቻችሁ ፎቅ ላይ ይኑሩ፣ ከብቶቻችሁ ይርቡ አሉ። ከብቶቹ የት ቆመው እንደሚረቡ የጠየቀ የለም። ሁላችንም አሜን አልን። ጎረቤቴም እጁን አወረደና አሜን አለ። ከዚያ ዶዘሩ መጣ።» ሳሙናውን እያስተካከሉ፣ «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አሜን ከማለትሽ በፊት የሰጡሽን እይ» አሏት።

በማግስቱ ዲንቄ ታክሲ ውስጥ የምትለውን እየደጋገመች ሄደች። ጋሼ ቢሮ ገባች፣ ተቀመጠች፣ ሳትንተባተብ ተናገረች። ክፍሉን ስንት ጊዜ እንደያዘች፣ ስንቱን ኃላፊ እንዳስተማረች፣ የኦሮምኛውን ገጽ ብቻዋን እንዳቆመች ተናገረች።

«ውይ ልጄ!» አሉና ጋሼ ተነሱ።

ዲንቄ አልተነሳችም።

ይህን በወረቀት ላይ ማንበብ ቀላል ነው። ሞክሩት። ጉልበቷ ሊነሳ ፈለገ፤ አንገቷ ጎነበሰ፤ ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘች። ተቀምጣ ቀረች። ጋሼ መዳፋቸውን ዘርግተው ጀመሩ። ትዕግሥትሽን ይካስሽ አሉ፤ አሜን ጠበቁ፤ አልመጣም። በረከቱን ጨመሩ። ቤት ሰጧት፤ ዝም። መኪና ሰጧት፤ ዝም። ደግ ባል ሰጧት፣ መንታ አስወለዷት፣ ልጆቹን አስመርቀው ዳሯቸው። ከቢሮው የመስተዋት ግድግዳ ውጭ ያሉት ነገሩ ገብቷቸው ሥራ አቆሙ፤ ዙሌካ ከስጋቷ አሜኑን እሷ ልትልላት ምንም አልቀራትም።

«አሜን በይ እንጂ ልጄ» አሉ ጋሼ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው አንሶ።

«አልልም ጋሼ።»

«ምርቃት ይጠላል?»

«አልጠላሁትም። እኔ የጠየቅኩት ሹመቱን ነው።»

መዳፋቸውን ቀስ ብለው አጠፉ፤ ተቀመጡ። ሲቀመጡ አርጅተው ታዩ። ከዚህ በፊት ለምርቃት ከተነሱ በኋላ ሲቀመጡ አይታቸው አታውቅም፤ ሁልጊዜ የምትወጣው እሳቸው እንደቆሙ ነው።

«ሹመቱ ተሰጥቷል» አሉ። «የማቲዎስ የአክስት ልጅ አለ፣ ዑራኤል የሚባል። ሰኞ ይጀምራል።»

«እርስዎ ፈርመው ነው?»

«እኔ ምን ፊርማ አለኝ? እዚህ የተቀመጥኩት የከፋው ሰው እንደከፋው ማቲዎስ ጋ እንዳይደርስ ነው። ልጄ፣ የምሰጠው ሌላ ነገር ኖሮኝ ነው የነፈግኳችሁ መሰለሽ?» መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ራሴ ኮንትራት ነኝ። በየስድስት ወሩ ነው የሚታደስልኝ። ቋሚ አድርገኝ ብዬ ስገባ ማቲዎስ ምን የሚለኝ ይመስልሻል?»

«ምን ይልዎታል?»

«ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን ይለኛል።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ አሜን እላለሁ» አሉ።

ዲንቄ ቢሮ የገባችው የምትጠላው ሰው ይዛ ነበር። ስትወጣ ሹመቱም የለም፣ የምትጠላውም ሰው የለም፤ ባዶ እጇን ወጣች። እንደዚያ ቀን መርሯት አያውቅም።

ሰኞ ማለዳ ሁሉም ተሰበሰበ። ዑራኤል አዲስ ጫማ አድርጎ መጥቷል። ማቲዎስ «አዲሱን የቤተሰባችንን አባል» አስተዋወቀና፣ «እስቲ ጋሼ፣ ይመርቁልን» አለ። ጋሼ ተነሱ፤ መዳፋቸውን ዘረጉ። ሁሉም ዘረጋ። ጋሼ ዑራኤልን አዩት፣ ዲንቄን አዩዋት፣ ጣሪያውን አዩት።

«ዛሬስ አልመጣልኝም» ብለው ተቀመጡ።

የተዘረጋው እጅ ሁሉ ወዴት እንደሚገባ ጠፋው። አንዳንዱ ፊቱን አበሰበት፤ ፊራኦል ጸጉሩን አከከበት። የጋሼ ኮንትራት በዚያው ወር ሳይታደስ ቀረ። ድርጅቱ እያደገ ስለሆነ መዋቅሩ መስተካከል አለበት ተባለ። የጻፏቸው ምርቃቶች ግን የድርጅቱ ንብረት ስለሆኑ ይቀጥላሉ ተባለ።

ሽኝት ተደረገ። ኬክ ነበረ፣ ለስላሳ ነበረ፣ ጋቢ ነበረ። ማቲዎስ ጋቢውን ለጋሼ አልብሶ ፎቶ ተነሳ፣ ንግግር አደረገ፤ ንግግሩ ውስጥ «ቤተሰብ» የሚለውን ከማንም ስም አብልጦ ጠራው። ሁሉ ካለቀ በኋላ ነገሩ ቆመ። ሽኝት በምርቃት ነው የሚዘጋው፤ መራቂው ግን ተሸኚው ሆነ። ወጣቶቹ ተያዩ። ጋሼ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ኬካቸውን በሳህን ይዘው ዝም ብለው ቆመዋል። የስንቱን ደስታ፣ የስንቱን ሽኝት መርቀው ዘግተው፣ የራሳቸው ሊዘጋ ሰው ጠፋ።

ዲንቄ ተነሳች። ልጅ አዋቂን አይመርቅም፤ ታውቃለች። መዳፏን ዘረጋች።

«ጋሼ፣ የታክሲ ሰልፍ አያቁምዎት። ዳገቱን ጉልበትዎ ይቻለው። ጡረታዎ ወር ከወር ያድርስዎት። እዚህ የነፈጉዎትን ቋሚነት ሰው ልብ ውስጥ ይስጥዎት። የጻፉትን ያነበበ ሁሉ፣ ይሄን የጻፈ ማነው ብሎ ይጠይቅ።»

«አሜን» አሉ ጋሼ። ኬኩን አስቀምጠው እሳቸውም መዳፋቸውን ዘረጉ። «አሜን ልጄ። አሜን።»

ማቲዎስ አጨበጨበ። «ዋው፣ ዲንቄ! ይሄን ታለንት የት ደብቀሽው ነው? በቃ፣ ከእንግዲህ ሰኞ ሰኞ የምትመርቂን አንቺ ነሽ። ኦፊሻል ነው፤ ገጽሽም ላይ ጨምሪው።»

«ደመወዝ ይጨመርበታል?»

«ዲንቄ ደግሞ! ቤተሰብ አይደለን እንዴ?»

ዲንቄ የያዘችው ሌላ ሥራ አልነበረም። አባቷ ሱቅ ውስጥ ሆነው ይጠብቋታል። ከዚያ ሁለት መዳፏን እንደገና ዘረጋች፤ ቤቱ በሙሉ በልማድ ዘረጋ፣ ማቲዎስም ዘረጋ።

«እደግ» አለችው ሥራ አስኪያጁን። አንድ ሰው ትን አለው። «ተመንደግ። ድርጅትህ ይስፋ፣ ሶፋ ሻጩንም አስለቅቆ ምድር ቤቱን ይጨምርልህ። ለዑራኤል ሥራውን የሚያስተምረው ሰው አያሳጣው። እኔን ደግሞ ከነገ ጀምሮ እዚህ በር ላይ አያድርሰኝ።»

«አሜን!» አለ ቤቱ።

ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የማቲዎስ ነበር። ምን እንዳጸደቀ የገባው አፉን ከዘጋ በኋላ ነው። «ቆይ ዲንቄ፣ ምን ማለትሽ…» ብሎ ጀመረ። ግን ከአሜን በኋላ ክርክር የለም፤ ይህንን ያስተማሩት ጋሼ ራሳቸው አጠገቡ ቆመው፣ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ትከሻቸው ይርገፈገፍ ነበር። ይሳቁ ያልቅሱ ከዚያ ቤት ማንም አልለየም።

ደረጃውን አብረው ወረዱ። ዲንቄ ቦርሳዋን፣ ጋሼ የተረፈውን ኬክ በፌስታል ይዘዋል። መንገዱ ዳር ቆመው ታክሲ ጠበቁ፤ የእሳቸው ወደ መገናኛ፣ የእሷ ወደ አባዶ። የእሷ ቀድሞ መጣ። ጋሼ በልማድ መዳፋቸውን ከፍ አደረጉ፤ ያ የቢሮው ቀን ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ መለስ አደረጉት። በመረቋት ቁጥር ምን እንደወሰዱባት ገብቷቸዋል፤ ከዚህ በኋላ እሷ ላይ መዳፍ መዘርጋት አፈሩ።

«አይዞሽ» አሏት ብቻ።

ዲንቄ ልትላቸው የፈለገችው ብዙ ነበር፤ ረዳቱ «ግቡ ግቡ!» ብሎ በሩን መታው። በመስኮቱ ስታያቸው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ነበር።

ታክሲው የመሪን መንገድ ይዞ ሲንፏቀቅ ዲንቄ ስልኳን አወጣች። ገጿን ከፈተች። «ተጠባባቂ ኃላፊ» የሚለውን አጠፋችና በቦታው «ሥራ ፈላጊ» ብላ ጻፈች። ይህን ስትጽፍ ነው እንግዲህ የፈራችው፤ ቅድም ያ ሁሉ ሰው ፊት አልፈራችም። ስልኩ ድምፅ አሰማ። መልእክት መጥቶላታል።

«የተዘጋብዎ በር አያሳፍርዎት። እጅዎ የያዘውን ሙያ ማንም አይንጠቅዎት። ቤትዎ ሲገቡ የሚያጽናናዎት እንጂ የሚወቅስዎት አይግጠምዎት። የተከፈተልዎት ቀን፣ ዛሬን አይርሱት፤ ውጭ የቆመውን ያስቡት።»

ከበታቹ «እንተዋወቅ» ይላል እንጂ የጋሼ ስም የለም። የላከላት ማሽን እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ከሰዓት በኋላ ብቻ ለስንቱ እንደሚልክ ታውቃለች። ወደ አፋን ኦሮሞ የመለሰችውም ራሷ ናት። እሱን ሁሉ እያወቀች ደግማ አነበበችው። ሰውየው ይህን ለመጻፍ ያን ያህል ቀን የቆዩት፣ በየስድስት ወሩ ራሳቸው ሲፈሩት የኖሩትን ነገር ለመጻፍ ስለሆነ ነበር። አሁን እሳቸውም የሆነ ታክሲ ውስጥ ናቸው። ገጽ እንኳ የላቸውም፤ ማንም የሚልክላቸው የለም።

«አሜን» አለች ዲንቄ፤ ሳታስበው ጮክ አለባት።

አጠገቧ ዘንቢል ታቅፈው የተቀመጡት ሴትዮ ዞር ብለው አዩዋት። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ምን እንደሆነ አልጠየቋትም፤ ትንሽ ጠጋ አሉላትና «አሜን ልጄ» አሉ።